ታቃፊዋ ዶሮ እና የዕንቁላል ቆጠራ

የሲያትል ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ቤተሰብ በግቢው ሊያረባ የሚችለውን የዶሮ ቁጥር ከሦስት ወደ ስምንት አሳደገ፤ በዚያው ድንጋጌም አውራ ዶሮ ማርባትን ከለከለ። የክልከላው ሰበብ ጩኸት ነው፤ ውጤቱ ግን ከጩኸት ይሻገራል። ከተማዪቱ ዶሮ ማርባትን ፈቅዳ የዶሮን መራባት ከለከለች።

ስለዚህ በሬኒየር ሸለቆ ጓሮ አንዲት ዶሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ላባዋን ነፍታ፣ እጅ የሚቀርባትን ሁሉ እየነከሰች፣ ከምትጥልበት ስፍራ አልነሣም ስትል የታቀፈችው ዕንቁላል ዘር የለውም። ጫጩት የሚሻ ባለቤት አውራ ካለበት ስፍራ ዕንቁላል ገዝቶ፣ ሲመሽ ከሥሯ አኑሮ፣ 21 ቀን መጠበቅ አለበት። ከሚፈለፈሉት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ወንዶች ይሆናሉ፤ መጮኽ ሲጀምሩም ሕገ ወጥ ናቸው። ጎጃም ወይም ሸዋ ላደገ ሰው ይህ ሒሳብ የተገለበጠ ነው፤ በዚያ ወንዱ ጫጩት ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ገበያ የሚቀርብ የትርፍ ድርሻ ነውና።

ታቃፊ ዶሮ በሲያትል እንደ ብርቅ መታየቷ የራሱ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም በከፊል የተሠራው እዚያው ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርታት የግዛቲቱ ምዕራባዊ ክፍል ከአሜሪካ ዋና ዋና የዕንቁላል አምራቾች አንዱ ሆነ። አርቢዎቹ የጋራ የሽያጭ ማኅበር አቋቋሙ፤ የዊንሎክ ከተማም እስከ ዛሬ በግዙፍ የዕንቁላል ሐውልቷ ትታወቃለች። በፒያለፕ የሚገኘው የግብርና ምርምር ጣቢያ ደግሞ የዕንቁላል መጣል ውድድር ያካሂድ ነበር። በዚህ ዓይነት ውድድር ዶሮዋ ገብታ ስትቀመጥ በሩ በሚዘጋ ሳጥን አማካይነት የእያንዳንዷ ምርት በስሟ ይመዘገባል። ለመታቀፍ የተቀመጠች ዶሮ በመዝገቡ ላይ የምታስቀምጠው ባዶ መስመር ነው። ለቀጣዩ ትውልድ እናት የሚመረጡት መዝገባቸው የሞላ ስለሆኑ፣ የመታቀፍ ባሕርይ ማንም በጠላትነት ሳይዘምትበት ከነጭ ሌግሆርን ዝርያ ውስጥ እየሳሳ ሄደ። ከሲያትል በሐይቁ ማዶ የተመሠረተው ሃይስዶርፍ ኤንድ ኔልሰን የተባለው ድርጅትም ከዚሁ ዘር ያዳቀላቸውን ጣይ ዶሮዎች ለዓለም ገበያ አቅርቧል።

መታቀፉን የተወችው ዶሮ ሥራ ወደ ሌሎች ተዛወረ። ማሞቂያ ማሽኑ ዕንቁላሉን ይፈለፍላል፤ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምሮ የአንድ ቀን ጫጩቶችን በሣጥን ያመላልሳል። ጫጩት ከመፈልፈሏ በፊት የቀረውን አስኳል ወደ ሆዷ ስለምታስገባ ሦስት ቀን ያህል ያለ ምግብና ያለ ውኃ መቆየት ትችላለች። ኤሌክትሪክ፣ መንገድና ፖስታ ባለበት አገር የእናቲቱን ተፈጥሮ መሸጥ ብዙ አላስከፈለም።

ይኸው ዕውቀት ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ፣ የጅማ የግብርና ትምህርት ቤትና የዓለማያ ኮሌጅ ከኦክላሆማ ጋር በመተባበር ሲቋቋሙ ነው። የውጭ ዝርያዎች መጡ፤ አውራዎችና ቄቦች ለገበሬው ታደሉ። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ዕንቁላል ትጥላለች፤ ዘመናዊቱ ጣይ ዶሮ 300 ገደማ። በዚህ ንጽጽር መታቀፍ የምርት ብክነት መባሉ አያስገርምም።

ንጽጽሩ ግን ሁለት የተለያዩ ንብረቶችን በአንድ ሚዛን ያስቀምጣል። የገጠር ዶሮ ከ12 እስከ 15 ዕንቁላል ትጥላለች፣ ሦስት ሳምንት ትታቀፋለች፣ ከዚያ ሁለት ወር ያህል ጫጩቶቿን ከጭልፊት እየጠበቀች ታሳድጋለች። ያን ጊዜ ሁሉ አትጥልም፤ ነገር ግን ያለ ነዳጅና ያለ ብድር የሚሠራ መፈልፈያና ማሳደጊያ ናት። ዕንቁላሉን ሸጦ ጨውና ዘይት መግዛት ገቢ ነው፣ ማስታቀፍ ደግሞ ኢንቨስትመንት፤ ውሳኔው በአብዛኛው በሴቲቱ እጅ ነው። እሷም መታቀፍን በጭፍን አትቀበልም። ዕንቁላል ሲፈለግ ዶሮዋን ወደ ጎረቤት ቤት መውሰድ፣ ጎጆዋን ማፍረስ፣ አልፎ ተርፎም ቁልቁል ማንጠልጠል የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በሰፊው የመዘገቧቸው ዘዴዎች ናቸው። (የመጨረሻው ለዶሮዋ ደስ እንደማይል ግልጽ ነው።)

እ.ኤ.አ. በ2010 መቀሌ ላይ ሥራ የጀመረው ኢትዮቺክን እና በ2022 ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ብዙ ጫጩት ወደ ገጠር አድርሰዋል፤ የዕንቁላል አቅርቦት ማደጉም ለሕፃናት ምግብ ከልብ የሚደገፍ ነው። ዋጋው ግን በግልጽ መነገር አለበት። እንደ ሳሶ ያለች ድቅል ዶሮ የራሷን መሰል አትተካም፤ ባለቤቷ እንደ ድቅል የበቆሎ ዘር ተመልሳ መግዛት ይኖርባታል። መንገድ በተዘጋበት ወይም የመኖ ዋጋ በናረበት ዓመት መንጋውን ከጓሮ መልሶ የሚተካው የታቃፊዋ ዶሮ ዘር ነው። ይህን አገልግሎት የትኛውም የዕንቁላል ቆጠራ አይመዘግበውም።

ሁለቱን የሚያስታርቅ ሐሳብ ከዚያው ከጅማ ወጥቶ ነበር። ተመራማሪው ሰለሞን ደመቀ የፈተሹት የድርቆሽ ሣጥን ጫጩቶቹን በራሳቸው የሰውነት ሙቀት ብቻ ያሞቃል። እናቲቱ ትፈለፍላለች፣ ሣጥኑ ያሳድጋል፣ እሷም ወደ መጣል ቶሎ ትመለሳለች። ሣጥኑ የሚሠራው ከእንጨትና ከድርቆሽ ነው፤ አስመጪ አያስፈልገውም፣ ምናልባትም ስለዚህ ብዙ አልተነገረለትም።

ይህ ሁሉ ግን ጫጩቶቹ በሕይወት ከቆዩ ነው። በገጠር ከሚፈለፈሉት ግማሽ ያህሉ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ያልቃሉ፤ ፈንግል የገባበት ቀዬም መንጋውን በቀናት ውስጥ ያጣል። በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ሙቀት የሚቋቋም፣ በዓይን ጠብታ የሚሰጥ የፈንግል ክትባት ያመርታል። አንድ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ፣ በአንድ ቤት ያሉት ግን ጥቂት በመሆናቸው፣ ክትባቱ የሚያዋጣው ጎረቤታሞች በአንድ ቀን ዶሮዎቻቸውን ይዘው ሲሰበሰቡ ነው።