የክርስቲያን ጋብቻና የፆታ ሥነ ምግባር በደቡብ ጎንደር

የክርስቲያን ጋብቻና የፆታ ሥነ ምግባር በደቡብ ጎንደር፣ በደብረ ታቦር ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የደጋ ወረዳዎች (ፋርጣ፣ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ እስቴ፣ ስማዳና ሌሎችም) የሚኖረው ክርስቲያን ሕዝብ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ድንግልና፣ ስለ ሩካቤና ስለ ፍቺ የሚማረውን ትምህርት እና ከትምህርቱ ጎን የሚከተለውን ልማድ የሚመለከት ርእስ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ዞኑ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ሲኖረው፣ ከመቶ 96 ያህሉ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተከታይ ነው። በመሆኑም ስለ ፆታ ሥነ ምግባር የሚደረገው ክርክር በአብዛኛው የሚካሄደው በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ በአካባቢው ባህልና በመንግሥት ሕግ መካከል ነው። ሦስቱ በአንዳንድ ነገር ይስማማሉ፤ በአንዳንዱ ደግሞ፣ በተለይም በልጅነት ጋብቻ ጉዳይ፣ ይጋጫሉ።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት ጋብቻ ከሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ነው። ሩካቤ የሚፈቀደው በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት ጋብቻ ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ ከጋብቻ በፊትም ሆነ ከጋብቻ ውጭ የሚፈጸመው እንደ ኃጢአት ይቆጠራል። ሆኖም ትምህርቱ ሩካቤን በራሱ ርኩስ አያደርገውም። መምህራን ለዚህ የሚጠቅሱት ወደ ዕብራውያን ሰዎች መልእክት ምዕራፍ 13 ቁጥር 4ን ሲሆን፣ ቦታው የጋብቻን ክቡርነትና የመኝታን ንጽሕና ይናገራል።

ሁለቱም ወገኖች ድንግል ከሆኑ ጋብቻው በሥርዓተ ተክሊል ይፈጸማል። ሙሽሮቹ በጸሎት አክሊል ይደረግላቸዋል፣ በቅዳሴው ላይም አብረው ሥጋ ወደሙ ይቀበላሉ። ድንግልናቸውን ያጡ ወይም ቀድሞ ያገቡ ሰዎች ደግሞ ንስሐ ገብተው ያለ ተክሊል በቁርባን ይጋባሉ። በሁለቱም መንገድ የተፈጸመ ጋብቻ እንደማይፈታ ቃል ኪዳን ይታያል፤ ከሞት ውጭ ለመለያየት በቂ ምክንያት ተብሎ በዋናነት የሚጠቀሰው ዝሙት ነው።

ለካህናት ደንቡ የጠበቀ ነው። ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት ድንግል የሆነች ሴት በተክሊል ማግባት አለበት፤ አለዚያ መመንኮስ ይኖርበታል። ካህን ሚስቱ ብትሞት ሁለተኛ ቢያገባ በክህነቱ ማገልገል አይችልም።

ባልና ሚስትም ቢሆኑ የሚታቀቡባቸው ጊዜያት አሉ። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾምና ሌሎች አጽዋማት፣ ዓበይት በዓላት፣ የወር አበባ ወቅት፣ እንዲሁም ከወሊድ በኋላ ለወንድ ልጅ እስከ 40፣ ለሴት ልጅ እስከ 80 ቀን ያለው ጊዜ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የጾም ቀናት ብቻ በዓመት ከ180 ይበልጣሉ። ይህ መታቀብ በሁለቱ ፈቃድ እንዲሆን መምህራን ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች አንደኛ መልእክት ምዕራፍ 7ን መሠረት አድርገው ያስተምራሉ። ሠርግም በጾም አይደገስም። በደጋው አገር ዋናው የሠርግ ወቅት ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ ሲሆን፣ ከፋሲካ በኋላም ሠርግ ይደረጋል።

ይህን ሥርዓት ለምእመኑ በቅርብ የሚያስተምረውና የሚከታተለው የንስሐ አባት ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ የንስሐ አባት ስላለው፣ ባልና ሚስት ሲጋጩ ከሽማግሌዎች ጋር የሚያስታርቀውም አብዛኛውን ጊዜ እርሱ ነው።

ፍትሐ ነገሥት

የቤተ ክርስቲያኗ የጋብቻ ሕግ ዋና ምንጭ ፍትሐ ነገሥት ነው። መጽሐፉ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ ከተዘጋጀ ሕግ ወደ ግዕዝ የተተረጎመ ሲሆን፣ 24ኛው አንቀጹ ስለ ማጨትና ስለ ጋብቻ ይደነግጋል። ጋብቻ ያለ ተጋቢዎቹ ፈቃድ እንዳይፈጸም፣ በቅርብ ዘመዳሞች መካከልም እንዳይሆን ያዛል። የፈቃድ ጉዳይ በኋላ በልጅነት ጋብቻ ላይ በተነሣው ክርክር ትልቅ ቦታ አግኝቷል፤ ጋብቻ ምን እንደሆነ ያልገባት ልጅ ፈቃዷን ልትሰጥ አትችልምና።

የጋብቻ ዓይነቶች በልማድ

ትምህርቱ እንዲህ ቢሆንም በአካባቢው አብዛኛው ሰው ለረጅም ዘመን የተጋባው በተክሊል ወይም በቁርባን ሳይሆን በሰማንያ ነው። የሰማንያ ጋብቻ በቤተሰብ ስምምነት፣ በሽማግሌዎችና በምስክሮች ፊት የሚፈጸም ውል ሲሆን ፍቺን ይፈቅዳል፤ ሲፋቱም ንብረት ይካፈላሉ። ብዙ ባልና ሚስት ወጣትነታቸውን በሰማንያ አሳልፈው፣ ልጆች ካሳደጉ በኋላ በስተርጅና ይቆርባሉ። ለዚህ ዋናው ምክንያት የቁርባን ማሰሪያ የማይፈታ መሆኑና ከቆረቡ በኋላ ያለው የንጽሕና ሥርዓት ለወጣት ይከብዳል ተብሎ መታመኑ ነው።

ሌላው የደሞዝ ጋብቻ ይባላል። ሴቲቱ በተስማሙበት ደመወዝ ለተወሰነ ጊዜ ከወንዱ ጋር ትኖራለች። በነጋዴዎች፣ በወታደሮችና ከአገራቸው ርቀው በሚኖሩ ሹማምንት ዘንድ የተለመደ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደሞዝንም ቅምጥ ማስቀመጥንም ስታወግዝ ኖራለች።

በባህሉ የሙሽራይቱ ድንግልና የቤተሰብ ክብር መለኪያ ነው። በሠርጉ ማግስት ድንግልናዋ በ«ብር አምባር» ስም ለወላጆቿ ይበሠራል። ሙሽራው ድንግል መሆኑ ግን አይመረመርም። የቤተ ክርስቲያን ሕግ ድንግልናን ከሁለቱም እኩል ሲጠይቅ ባህሉ ከሴቷ ብቻ መጠየቁ የሁለቱን ልዩነት በግልጽ ከሚያሳዩ ነጥቦች አንዱ ነው።

የዳግማዊ ቴዎድሮስ ሙከራ

የጋብቻ ሥነ ምግባር በደብረ ታቦር አካባቢ የመንግሥት ጉዳይ የሆነው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነበር። ደብረ ታቦር በዘመነ መሳፍንት የየጁ ራሶች፣ በመጨረሻም የራስ አሊ (ዳግማዊ አሊ) መቀመጫ ነበረች። ካሣ ኃይሉ የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን አገቡ፤ በሰኔ 1845 ዓ.ም. ደግሞ አማታቸውን በአይሻል ጦርነት ድል አደረጉ። በ1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላ ደብረ ታቦርን ከዋና ዋና መቀመጫዎቻቸው አንዷ አደረጓት።

ቴዎድሮስ ከተዋበች ጋር በቁርባን ጸንተው በመኖር ለመኳንንቱ ምሳሌ ለመሆን ፈለጉ። ሹማምንቱና ወታደሩም ቅምጦቻቸውን ትተው በአንዲት ሚስት እንዲወሰኑ አዘዙ። ይህ በዘመኑ በአገሪቱ የነበሩ የውጭ ሰዎች ከመዘገቧቸው የንጉሡ ማሻሻያዎች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ሞቱ። ንጉሡ የደጃዝማች ውቤን ልጅ ጥሩወርቅን ቢያገቡም ጋብቻው ሰላም አልነበረውም፤ ቆይተውም የትመኙ የተባለች ቅምጥ ያዙ። ትእዛዙ ንጉሡ ራሳቸው ሊጠብቁት ያልቻሉት ሆኖ ቀረ፣ የመኳንንቱም ልማድ ቀጠለ።

የልጅነት ጋብቻ

በደቡብ ጎንደር፣ እንደ ሌሎቹ የአማራ ክልል ገጠሮች ሁሉ፣ ሴት ልጆችን ገና በልጅነታቸው መዳር የቆየ ልማድ ነው። ልጅቷ በሠርግ ከተዳረች በኋላ እስክታድግ በአማቶቿ ቤት የምትኖርበት «ማደጎ» የሚባል ዓይነትም አለ። ወላጆች በርካታ ምክንያቶችን ይሰጣሉ፤ ቤተሰብን በዝምድና ማስተሳሰር፣ መሬትና ከብት ማቋቋም፣ በሕይወት ሳሉ የልጅን ወግ ማየት፣ ከጠለፋ መጠበቅ ይገኙባቸዋል። ከሁሉ በላይ ግን የሚፈራው ልጅቷ ሳታገባ ድንግልናዋን ብታጣ በቤተሰቡ ላይ የሚመጣው ነቀፋ ነው። የዲያቆናት ጋብቻም ለልማዱ አስተዋጽኦ አድርጓል። ለቅስና የሚዘጋጅ ወጣት ድንግል ማግባት ስላለበት፣ ቤተሰቡ «እርግጠኛ ለመሆን» ሲል ትንሽ ልጅ ይመርጥለት ነበር።

የሚያስከትለው ጉዳት ብዙ ነው። ልጅቷ ትምህርት ታቋርጣለች፤ ሰውነቷ ሳይጠና ማርገዝ ለረጅም ምጥና ለፌስቱላ ያጋልጣታል። እ.ኤ.አ. በ2005 የሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታል የመጀመሪያውን የክልል ማእከሉን የከፈተው በባሕር ዳር ነው። ያለ ዕድሜ የተዳሩ ብዙ ልጆች ትዳራቸውን ጥለው ወደ ከተማ ይሄዳሉ፤ በቤት ሠራተኝነት፣ አንዳንዶቹም በሴተኛ አዳሪነት ይሠማራሉ። እንዲህ ያለች ሴት በኋላ ወድዳና ፈቅዳ ብታገባ፣ ድንግልናዋ በመጀመሪያው ጋብቻ ስለ ጠፋ ሥርዓተ ተክሊል አይደርሳትም። ድንግልናን ለመጠበቅ ተብሎ የተደረገው ጋብቻ ድንግልና የሚከበርበትን ሥርዓት ያሳጣታል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው በኢትዮጵያ ከ20 እስከ 24 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ከመቶ 40ዎቹ 18 ዓመት ሳይሞላቸው፣ 14ቱ ደግሞ 15 ዓመት ሳይሞላቸው አግብተው ነበር።

የመንግሥት ሕግ

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት አድርጎ ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዕድሜውን ለሁለቱም 18 ዓመት ያደረገ ሲሆን፣ የአማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. አውጥቷል። ሕጉ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል የሚፈጸሙ ጋብቻዎችን እኩል ያውቃል።

በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ያገባን ሰው ይቀጣል፤ ልጅቷ 13 ዓመት ከሞላት ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት፣ ካልሞላት እስከ 7 ዓመት እስራት ይደርሳል። ጠላፊ የጠለፋትን ሴት ካገባ ከቅጣት የሚያድነው የቀድሞው ሕግ ድንጋጌም ቀርቷል። ዝሙት፣ በጋብቻ ላይ ጋብቻና በተመሳሳይ ፆታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም ግንኙነት በዚሁ ሕግ ወንጀል ሆነው ቀጥለዋል።

በቁርባን የተጋቡ ሰዎች ፍርድ ቤት ሄደው ሊፋቱ ይችላሉ። ፍርድ ቤት ያፋታቸውን ቤተ ክርስቲያን ግን እንደ ተፋቱ ላትቆጥራቸው ትችላለች፤ ስለዚህ አንድ ሰው በሕግ ነጻ ሆኖ በንስሐ አባቱ ዘንድ አሁንም ባለትዳር የሚሆንበት አጋጣሚ አለ።

የለውጥ ጥረቶች

ኬር ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2013 «ተስፋ» በተባለ ፕሮግራም በደቡብ ጎንደር አምስት ሺህ ያህል ያገቡ ወጣት ሴቶችን አቅፎ ሠርቷል። ልጆቹ በቡድን ተደራጅተው ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና፣ ስለ ቁጠባና ብድር፣ ወይም ስለ ሁለቱም ተምረዋል። ከእነርሱ ጎን የአገር ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶችና የጤና ሠራተኞች ያሉባቸው የማኅበረሰብ ቡድኖች ስለ ልጅነት ጋብቻ ይወያዩ ነበር። የካህናት ተሳትፎ አስፈላጊ የሆነው ወላጆች ልጃቸውን ከመዳራቸው በፊት የሚያማክሯቸው እነርሱን ስለሆነ ነው። ካህኑ ያለ ዕድሜ ጋብቻ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንዳልሆነ ቢናገር፣ ቤተሰቡ «ሃይማኖታችን ያዛል» የሚለውን ምክንያት ያጣል።

በኤች አይ ቪ ጉዳይም ተመሳሳይ ጥያቄ ተነሥቷል። የጤና ባለሙያዎች መታቀብን፣ ለአንድ መወሰንንና ኮንዶም መጠቀምን ሲያስተምሩ፣ የሃይማኖት ተቋማት በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ አተኩረዋል። ከጋብቻ በፊት የደም ምርመራ ውጤት መጠየቅም በአብያተ ክርስቲያናት እየተለመደ መጣ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሕሙማን ጠበልንና የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትን አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል።

ጦርነትና ፆታዊ ጥቃት

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች የላይ ጋይንቷን ነፋስ መውጫ ከተማ በያዙበት ወቅት ሴቶች ተደፍረዋል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በቀጣዩ ኅዳር ባወጣው ዘገባ የ16 ሴቶችን ምስክርነት አቅርቧል። ጉዳዩ የሥነ ምግባሩን ሌላ ገጽ አንሥቷል። በክርስትና ትምህርት ያለ ፈቃድ የሆነ ነገር ለተጠቂዋ ኃጢአት አይሆንም፤ ኃጢአቱ የአጥቂው ነው። በሴት ንጽሕና ላይ የተመሠረተው የክብር ልማድ ግን ነውሩን በተጠቂዋ ላይ ያደርጋል። ትዳርንና ጎረቤትን በመፍራት ዝም ማለትም ሕክምናን ያዘገያል።

የዘመኑ ክርክሮች

ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ከተማዋ ከቤተሰባቸው ርቀው የሚኖሩ ወጣቶች መሰብሰቢያ ሆናለች። የጋብቻ ዕድሜ ሲዘገይ በጉርምስናና በትዳር መካከል ያለው ጊዜ ይረዝማል። በ15 ዓመቷ ትዳር ትይዝ ለነበረች ልጅ ያልነበረ ጥያቄ፣ ማለትም ያለ ትዳር የሚታለፉትን አሥር ዓመታት እንዴት ልኑር የሚለው፣ ለዛሬዋ ተማሪ ዋና ጥያቄ ነው። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን በየዩኒቨርሲቲው ባሉት ግቢ ጉባኤያት፣ የወንጌላውያን ተማሪዎችም በኅብረቶቻቸው ስለ መተጫጨትና ስለ መታቀብ ያስተምራሉ።

ስለ ተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት አቋም በአብዛኛው አንድ ነው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ2005 ዓ.ም. ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ኅብረት ያቋረጠችው በዚህ ጉዳይ ነው።

ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ግን በአጥቢያ ደረጃ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥም። በትምህርት የሚመረጠው በጾምና በመታቀብ ልጆችን ማራራቅ ነው፤ በጤና ኬላ የሚሰጠውን መርፌ የሚወስዱ ምእመናንም አሉ። ፅንስ ማስወረድ በሁሉም አብያተ ክርስቲያናት ይወገዛል፤ የ1997ቱ የወንጀል ሕግ ግን በአስገድዶ መድፈር፣ በቅርብ ዘመዳሞች ግንኙነት፣ ለእናቲቱ አደጋ በሚሆንበትና በሌሎች የተወሰኑ ሁኔታዎች ይፈቅዳል።