ፒያኖውና የብርሃኑ ተውኔት

የፒያኖ ተጫዋች ከሕዝብ ፊት ተቀምጦ ሲጫወት፣ በሸራ ላይ በብርሃን የሚታየው ተወዛዋዥ ወይም ተዋናይ አብሮት ሲንቀሳቀስ፣ አንዱም ሌላውን ሲጠባበቅ ማየት የኤሌክትሮኒክ ዘመን ያመጣው ጥበብ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ዳሩ ግን ይህ ዐይነቱ ትርኢት የሉሚዬር ወንድማማቾች በዲሴምበር 1895 ሲኒማን ለከፋይ ሕዝብ ከማቅረባቸው ከሦስት ዓመት በፊት በፓሪስ ተጀምሮ ነበር። (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባለሙያው ኤሚል ሬይኖ ይባላል። «ቴአትር ኦፕቲክ» ብሎ ለሰየመው መሣሪያ በ1888 የፈጠራ መብቱን ካስከበረ በኋላ፣ ኦክቶበር 28 ቀን 1892 ግሬቫን በተባለው የሰም ምስሎች ቤተ መዘክር ሦስት ሥራዎችን አቀረበ። ሙዚቃውን ደርሶ በፒያኖ ያጀበው ጋስቶን ፖላን ነበር። በስምንተኛው ቀን አሜሪካዊቷ ሎይ ፉለር በዚያው ከተማ በፎሊ ቤርዤር መድረክ ሰፊ ቀሚሷን በባለቀለም ብርሃን እያውለበለበች በመወዛወዝ ዝናን አተረፈች። የፓሪስ ተመልካች በአንድ ሰሞን እንቅስቃሴና ብርሃን ሲጋቡ በሁለት መንገድ አየ ማለት ነው።

የሬይኖ ሥዕሎች ፎቶግራፎች አልነበሩም። እያንዳንዳቸው በጄላቲን ላይ በእጅ የተሣሉ ሲሆኑ፣ በረጅም ጥቅል ላይ ተሰድረው ከመንኮራኩር ወደ መንኮራኩር ይተላለፉ ነበር። ብርሃኑ በመስታወቶች እየተንጸባረቀ ከሸራው በስተኋላ ያርፋል፤ ቋሚው ትዕይንት፣ ማለትም ቤቱና የአትክልቱ ቦታ፣ ከሌላ ፋኖስ ይመጣል። «ምስኪን ፒዬሮ» በተባለው የዝምታ ተውኔት አርሌካን ፒዬሮን በበትር ሲመታው ጥቅሉ ራሱ በኤሌክትሪክ ማግኔት አማካይነት የምቱን ድምፅ ያሰማ ነበር።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን የቁጥሩ ነገር ነው። «ምስኪን ፒዬሮ» 500 ሥዕሎች ብቻ አሉት። እነዚህ በኋለኛው የሲኒማ ፍጥነት፣ በሴኮንድ 24 ሆነው ቢታዩ፣ በ21 ሴኮንድ ውስጥ ያልቃሉ። ትርኢቱ ግን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይወስድ ነበር። ይህ የሆነው ሬይኖ መንኮራኩሮቹን በገዛ እጆቹ እያዞረ አንዱን ሥዕል ስለሚያቆመው፣ ጥቅሉን ወደ ኋላ መልሶ እንቅስቃሴውን ስለሚደግመው፣ እንደ ገናም ወደ ፊት ስለሚለቀው ነው። ሕዝቡ ሲስቅ ፒዬሮ ሊዘገይ ይችላል፤ ፒያኖውም ይከተለዋል። ሬይኖ የሲኒማ ቀዳሚ ብቻ ተደርጎ ሲወሳ ይህ ይዘነጋል። ሰውዬው ምስልን እንደ ሙዚቃ መሣሪያ ይጫወት ነበር፤ ከፖላን ጋር የነበረውም ሥራ የሁለት ተጫዋቾች ጥምረት ነው።

ለዚህ ሁሉ የተከፈለው ዋጋ ከባድ ነበር። ከቤተ መዘክሩ የሚያገኘው በወር 500 ፍራንክና ከመግቢያ ገቢው ከመቶ 10 ሲሆን፣ ውሉ ሥራዎቹን ለሌላ እንዳይሸጥ ያግደው ነበር። ጥቅሎቹ በየዕለቱ ሲሠራባቸው ይጎዱ ስለነበር ይጠግናቸዋል፤ አዲስ ለመሣል ደግሞ ብዙ ወራት ያስፈልጉት ነበር። በአንጻሩ የሲኒማ ፊልም በፋብሪካ ይባዛል፤ የሚያዞረውም ማንም የሠለጠነ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ሆኖም እስከ 1900 ድረስ ከ12,000 በላይ ትርኢቶች ቀርበው፣ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው ተመልክቷቸዋል።

ትርኢቱ ከተቋረጠ ከዓመታት በኋላ ሬይኖ በተስፋ መቁረጥ መሣሪያውን ሰባበረው፤ ከጥቅሎቹም አብዛኞቹን ወደ ሴን ወንዝ ጣላቸው። በጃንዋሪ 1918 ዐረፈ። ከጥፋቱ የተረፉት «ምስኪን ፒዬሮ» እና በ1894 የቀረበው «በባሕር ዳርቻው ጎጆ ዙሪያ» ናቸው፤ በ2015ም በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ውስጥ ገብተዋል። ወደ ፊልም ተገልብጦ በስፋት የሚታየው የፒዬሮ ቅጂ 4 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ፒዬሮም በዚያ ቅጂ ውስጥ ለማንም ሳቅ አይዘገይም።