ስልሳ ሥዕል፣ አንድ ታሪክ

እስቲ አንድ ጥያቄ። ስልሳ ሥዕል ሣሉ ብትባሉ ከየትኛው ትጀምራላችሁ? ከአንደኛው፣ አይደል? ጄኮብ ሎውረንስ ግን ሁሉንም አንድ ላይ ነበር የሣላቸው። ጊዜው ከ1940 እስከ 1941 እ.ኤ.አ.፣ ቦታው የኒውዮርኩ ሃርለም፣ ሠዓሊው ደግሞ ገና የ23 ዓመት ወጣት።

ሎውረንስ በ1917 ኒው ጀርዚ ውስጥ ተወለደ። ወላጆቹ ከደቡባዊ ግዛቶች ወደ ሰሜን የተሰደዱ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። በ13 ዓመቱ ሃርለም ሲገባ በአካባቢው እንደነሱ ከደቡብ የመጣ ሰው ሞልቶ ነበር።

ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አንስቶ እስከ 1970 ገደማ 6 ሚሊዮን ያህል ጥቁሮች ደቡብን ለቀዋል። ምን አስወጣቸው? ጥጡን የፈጀው ነቀዝ፣ ድህነት፣ በዘር የሚለያየው ሕግ፣ የደቦ ፍርድ። ማን ጠራቸው? ጦርነቱ ሠራተኛ ያሳጣቸው የሰሜን ፋብሪካዎች።

ሎውረንስ ይህን የመሰለ የጥቁሮች ታሪክ ትምህርት ቤት ውስጥ አላገኘም። ስለዚህ ሃርለም 135ኛው መንገድ ላይ ወዳለው ቤተ መጻሕፍት ሄዶ አነበበ፤ ለእያንዳንዱ ሥዕልም አጭር መግለጫ ጻፈ። በኋላ የትዳር አጋሩ የሆነችው ሠዓሊ ግዌንዶሊን ናይትም ሰሌዳዎቹን በማዘጋጀት አገዘችው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሎውረንስ ሰሌዳዎቹን ደርድሮ መጀመሪያ ጥቁሩን ቀለም በሁሉም ላይ ቀባ፤ ከዚያ ወደ ፈካ ያሉት ቀለማት እየተሻገረ ጨረሰ። ለምን እንዲህ ለፋ? ቀለሙ ኬዚን ከሚባል የወተት ፕሮቲን የተሠራና ቶሎ የሚደርቅ ነው። አንዱን ሥዕል ዛሬ፣ ሌላውን ከወር በኋላ ቢቀባ ኖሮ ቀለማቱ በትንሹም ቢሆን ሊለያዩ ይችሉ ነበር። በዚህ ዘዴ ግን ስልሳዎቹ እንደ አንድ ሥራ ይታያሉ።

15ኛውን ሥዕል ተመልከቱ። ቅጠል ከሌለው ቅርንጫፍ ላይ ባዶ የገመድ ሸምቀቆ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ አንድ ሰው ተጨብጦ ተቀምጧል። የተሰቀለው ሰው የለም። ግን የሆነውን ለመረዳት ማንም አይቸገርም፤ የሚታየው ሐዘኑ ነው።

በ1942 ሥዕሎቹ ለሁለት ተከፈሉ። ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን (1፣ 3፣ 5...) በዋሽንግተን የሚገኘው ፊሊፕስ ኮሌክሽን፣ ተጋማሾቹን (2፣ 4፣ 6...) ደግሞ የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ወሰዱ። ዛሬም ሠላሳ ሠላሳ ሆነው እዚያው ናቸው። አንድ እንዲሆን ያን ያህል የተለፋበት ታሪክ በሁለት ከተማ ይኖራል ማለት ነው፤ ሙሉውን ማየት የሚቻለው ሙዚየሞቹ ለኤግዚቢሽን ሲያገናኙት ነው።

ሎውረንስ በኋላ በሲያትል የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኖ፣ በ2000 አረፈ። በ60ኛው ሥዕሉ ላይ ግን ታሪኩን አልዘጋውም፤ ብዙ ሰው ሻንጣውን ይዞ፣ ፊቱን ወደኛ አዙሮ፣ አሁንም ባቡር ይጠብቃል።