ትንሹ አቃቂ (በንፋስ ስልክ ላፍቶ)

ከአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ ከፍታዎች ተነስቶ፣ መካኒሳንና ላፍቶን አልፎ አባ ሳሙኤል ሰው ሠራሽ ሐይቅ የሚገባ ወንዝ። ከዚያ አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽም አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ስለሚያበቃ ውሃው ባሕር አይደርስም።

በዳርቻው ያሉ አትክልተኞች ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ቀይ ሥር ያመርታሉ። ውሃው በሞተር ተስቦ በቦይ ወደ መደቡ ይለቀቃል። ትኩስ የተነቀለ ካሮትም ጭቃው የሚታጠበው እዚያው ወንዙ ውስጥ ነው። ጣጣው ያለውም እዚህ ላይ ነው፦ ወንዙ የፋብሪካና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ይገባበታል። ጥናቶች በውሃው በሚለማው አትክልት ላይ ካድሚየም፣ ክሮሚየምና እርሳስ አግኝተዋል። ከባድ ብረት በሥር ተስቦ ቅጠሉ ውስጥ ስለሚገባ፣ ጎመኑ በቤት ውስጥ ደጋግሞ ቢታጠብም አይለቅም። በበዓል ዋዜማ ለገበያ የሚታጨደው የረግረግ ቄጤማ፣ ወለል ላይ የሚጎዘጎዝ እንጂ የሚበላ ስላልሆነ፣ ይህ በምግብ በኩል የሚመጣ ስጋት የለበትም።