የመጀመሪያው ጠመንጃ በይፋት ምድር

አጣዬንና ሸዋ ሮቢትን ያቀፈው የይፋት ምድር ጠመንጃን አልሠራም፤ በግመል ጀርባ ተጭኖ የመጣውን ተቀበለ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1841 ካፒቴን ሃሪስ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ያመጣው ስጦታም ሆነ፣ በ1887 ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የሸጠው ጠመንጃ፣ ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሓ አቋርጦ ወደ አንኮበር የወጣ ነበር።

መሣሪያው ከግምጃ ቤት ወደ ባላባቱ፣ ከባላባቱም ወደ ገበሬው ጎጆ ሲዘልቅ ሕዝቡ በራሱ አንደበት ሰየመው፤ የፈረንሳዩ ፉዚ ግራ «ውጅግራ»፣ የኦስትሪያው ማንሊከር «ምንሽር» ተባለ። ጥይት በገበያ እንደ ገንዘብ የተመነዘረበት ዘመንም ነበር። ስለዚህ ገበሬው የመጀመሪያ መሣሪያውን ሲመርጥ ጥይቱ በቅርብ መገኘቱን ማመዛዘን ነበረበት፤ ጥይት የሌለው ጠመንጃ ከዱላ አይሻልምና። ለዋጋውም በሬውን ይሸጣል።

በሬው ሲሸጥ ግን እርሻው ይስተጓጎላል፤ ጎረቤትም ያን አፈሙዝ አይቶ በተራው በሬውን ወደ ገበያ ይነዳል። ምንሽሩ በክላሽና በሽጉጥ ቢተካም ይህ ሒሳብ አልተለወጠም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መታጠቅን ከለከለ፤ በ2013 ዓ.ም. ግን አጣዬ ተቃጠለች። ቤቱ የነደደበትን ሰው «መሣሪያ ለምን ፈለግህ?» ብሎ መውቀስ አይቻልም። ሆኖም እያንዳንዱ ጎጆ ለየብቻው የሚገዛው ደኅንነት ለጎረቤቱ ሥጋት ነው። ሁሉንም እኩል የሚጠብቅ ሕግ በተግባር እስካልታየ ድረስ፣ የይፋት በሬ ከቀንበር ወደ ጠመንጃ ገበያ መነዳቱ አይቀርም።