የኔታ ዘንድ ክፍል አልነበረም

ጳውሎስ ሰፈር ያደግን ልጆች ማንበብ የተማርነው ሁለት ቦታ ነው። ክረምት ክረምት ቄስ ትምህርት ቤት፣ ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ ስሙን የማንጠራው መደበኛ ትምህርት ቤት። መደበኛው ላይ ስልሳ ሆነን አንዱን ገጽ በአንድ ድምፅ እናነብ ነበር። እናነብ ነበር ማለቱ ራሱ ይከብዳል፤ ፊት የተቀመጡት ያነባሉ፣ እኛ የኋላዎቹ እንከተላለን። ከመካከላችን አንዱ በዚህ ብልሃት አራተኛ ክፍል ደርሷል። የተነቃበት መምህሩ አንድ ቀን ከገጹ መሀል ጀምረህ አንብብ ሲሉት ነው። ዝም አለ። እኛም ዝም አልን፤ ቀጣዩ ተረኛ ማን እንደሚሆን አናውቅማ።

የኔታ ዘንድ ግን እንዲህ አድርጎ ማምለጥ አይታሰብም ነበር። ለብዙ መቶ ዓመታት የዘለቀው የቄስ ትምህርት ቤት ክፍል የለውም፤ ያለው ልጁ የደረሰበት ቦታ ብቻ ነው። አንዱ ሀሁ ይቆጥራል። ጎኑ ያለው አቡጊዳ ላይ ነው፤ አቡጊዳ የፊደሉን ተራ ስለሚያፋልሰው ሀሁን በዜማ ሸምድዶ የመጣ ሁሉ እዚህ ጋ ይጋለጣል (ጓደኛችን አንድ ሳምንትም አይቆይም ነበር)። ቀጥሎ ሐዋርያ የሚባለው የዮሐንስ መልእክት ይመጣል፣ ከዚያ ወንጌል፣ ከዚያ ዳዊት። ንባቡም ራሱ ደረጃ አለው፤ መጀመሪያ ቁጥር፣ ፊደሉን በስንደዶ አንድ በአንድ እየነኩ፤ ከዚያ ግዕዝ፣ ከዚያ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ ሳይደናቀፉ የሚያነቡበት ቁም ንባብ። ተለቅ ያለው ታናሹን ያስቀጽላል፣ የኔታ እያንዳንዱን ለብቻው ይሰማሉ። የፈጠነ ያልፋል፣ የዘገየም እዚያው ይቆያል እንጂ ሳያውቅ አያልፍም። ዳዊት የደገመ ልጅ ቤተሰቡ ይደግስለታል።

የድሮ ናፋቂ እንዳትሉን። ንባቡ በግዕዝ ስለነበር አብዛኛው ልጅ የሚያነበው አይገባውም። መጽሐፍ መምረጥ የሚባል ነገር የለም። አለንጋ አለ። ሴቶች ጥቂት ነበሩ። ቢሆንም ልጅን በደረሰበት ልክ ማስነበብ ከውጭ የመጣ አዲስ ግኝት ነው ሲሉን ፈገግ እንላለን።

በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት የተጀመረው ዘመናዊ ትምህርት ብዙ በር ከፍቷል። እያደገ ሲሄድ ግን ልጆችን በክፍል ደረደረና ሁሉም በአንድ ቀን አንድ ገጽ ላይ እንዲገኙ ጠየቀ። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ልጅ እንዳይወድቅ ተደረገ። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ዳሩ ግን ማንበቡን አረጋግጦ የሚያሳልፈው ሰው ማን ይሁን? በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች ልጆች በየቋንቋቸው ሲፈተኑ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ ነው ከፊደል ወደ ቃል፣ ከቃል ወደ አጭር ታሪክ የሚወስዱ አዳዲስ የመማሪያ መጻሕፍት በሰባት ቋንቋዎች የተዘጋጁት።

ሌላው ጉድለት በፊደልና በልቦለድ መካከል የሚነበብ ነገር አለመኖሩ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሠሩት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ለኢትዮጵያውያን ልጆች የሚሆን መጽሐፍ ፈልገው ያጡት ለዚህ ነው። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በኋላም አዋሳ ላይ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ጭነው ልጆች ዘንድ አደረሱ። ልጁ ራሱ የመረጠውን መጽሐፍ ይዞ ይቀመጣል። የኔታ ዘንድ የጎደለው ይህ ነበር።

ሰፈራችን ውስጥ የምናውቃት አንዲት የሁለተኛ ክፍል መምህርት ሁለቱን ለማገናኘት እየሞከረች ነው። በብስኩት ካርቶን መጻሕፍት ደርድራ ጀርባቸው ላይ ቀለም ለጥፋለች፤ ቢጫው ቀላል፣ አረንጓዴው ጠንከር ያለ፣ ቀዩ ረጅም ታሪክ። ልጁ ከደረሰበት ቀለም ደስ ያለውን ያነሳል። አንድ ገጽ ላይ አምስት ቃል ካቃተው ያለ ሐፍረት ይመልሰዋል። እሷ በየቀኑ አራት አምስት ልጆችን ለብቻ ለብቻቸው ትሰማለች፣ ሌሎቹ ዝም ብለው ያነባሉ፣ ወይም ያነበቡ ይመስላሉ። አንዱ ልጅ መጽሐፉን ዘቅዝቆ ይዞ አግኝታው ከሀሁ አስጀምራዋለች። ልጆቿ ሃምሳ ሁለት ናቸው፣ መጻሕፍቷ ሠላሳ አንድ። ቀይ የተለጠፈባቸው ሦስት ብቻ ስለሆኑ፣ ፈጣኖቹ ሦስቱንም ጨርሰው በቃል ይዘዋቸዋል።