ነቀዝ ሲበላ ይሰማል

ባሕር ዳር ገበያ በቆሎ ሲገዛ ልምድ ያለው ሰው መጀመሪያ ዋጋ አይጠይቅም። እጁን እስከ ክርኑ ጆንያው ውስጥ ይከታል። ሙቀት ካገኘ፣ ወይም ጣቱ ላይ ዱቄት ተለጥፎ ከወጣ ነገሩ ገብቶታል፤ ወደ ሌላው ሻጭ ያልፋል። ግን ዱቄቱ ሲታይ ነቀዙ ሥራውን ጨርሷል። እናቲቱ ፍሬውን ትበሳና እንቁላሏን ጥላ ቀዳዳውን መልሳ ትደፍነዋለች። እጩ እዚያው ውስጥ ይበላል፣ እዚያው ያድጋል። እኛ የምናየው አድጎ በስቶ የወጣበትን ቀዳዳ ብቻ ነው። በዓይን አይገኝም፣ በጆሮ ግን ይገኛል።

ሰሞኑን ነፍሳትን በድምፅ ስለሚለይ መሣሪያ ሲወራ እንደ ትናንት ግኝት ይቀርባል። መቶ ዓመት አልፎታል እኮ! እ.ኤ.አ. በ1924 ሲ. ኬ. ብሬን የተባለ የነፍሳት ተመራማሪ ደቡብ አፍሪካ፣ ስቴለንቦሽ ላይ፣ በዘመኑ ብርቅ የነበረውን የራዲዮ ድምፅ ማጉያ ለነፍሳት ጥናት ስለማዋል ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ አሜሪካ ካንሳስ ያሉ የእህል ተመራማሪዎች ፍሬ ውስጥ የተደበቀ ነፍሳትን በማዳመጥ ማወቅ እንደሚቻል «ሳይንስ» መጽሔት ላይ አወጡ። የኛው ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በሶቪየቶች እርዳታ ሥራ የጀመረው ከዚያ አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ1955 ዓ.ም. ነው።

በኛ አገር ድምፅና ተባይ የሚገናኙት በሌላ በኩል ነበር። ማማ ላይ የወጣ ልጅ ጅራፉን ሲያጮህ፣ ወንጭፉን ሲያስወነጭፍ፣ ወፉ ይነሣል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አንበጣ ወሎን ሲወር ገበሬው የወጣው በዚያው ጅራፍና በጀሪካን ከበሮ ነው። ጩኸት ለሚያየው ጠላት ይሆናል፤ ጎታ ውስጥ ላለው ግን ምን ያደርጋል?

ጎጃም ላይ ጉዳዩ የከበደው በቆሎ ሲበዛ ነው። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፣ ፍሬው ትንሽ ስለሆነ መኖሪያ አይሆነውም። የቀድሞው ገበሬ ጤፉን ዓመታት ሊያቆይ ይችል ነበር። በ1987 ዓ.ም. የተጀመረው የኤክስቴንሽን ፓኬጅ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ይዞ ሲመጣ ሜጫ፣ ይልማና ዴንሳ፣ ቡሬ በቆሎ በበቆሎ ሆኑ። ማምረቱ ተሳካ፣ ማቆያው ግን የድሮው ጎተራ ነበር። በ1994 ዓ.ም. ገደማ የበቆሎ ዋጋ ሲወድቅ፣ «ዋጋ እስኪመለስ አቆየዋለሁ» ለማለት አቅም ያለው ገበሬ እንኳ ነቀዙ ፋታ አይሰጠውም ነበር። በጥር በርካሽ ሸጦ በነሐሴ ያንኑ እህል በውድ መግዛት እስከ ዛሬ የምናየው ነው። ያኔ መፍትሔ የሚሆነው ክኒኑ ነው። ክኒኑ የሚያወጣው ጋዝ ነቀዝንም ሰውንም ይገድላል፤ ቤተሰብ በሚተኛበት ቤት ጆንያ ውስጥ ሲከቱት ማየት ያስደነግጣል።

አሁን ወደ ድምፁ ልመለስ፤ ለኔ ከሁሉ የሚጥመኝ ታሪክ ይሄ ነው። አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተመራማሪዎች የአተር ነቀዝ እጭ ሲበላ የሚያወጣውን፣ የሰው ጆሮ የማይደርስበትን ድምፅ የሚቀበል መሣሪያ ሠሩ። ባሕር ዳርም የሚታወቀው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት፣ ፒክስ የምንለው፣ የተፈጠረው እነሱ ዘንድ ነው። ከረጢቱ ለምን እንደሚሠራ ሲመረምሩ ጆሯቸውን አቀረቡ። አየር በማያስገባው ዕቃ ውስጥ ነፍሳቱ ራሳቸው ኦክስጅኑን ተንፍሰው ይጨርሱታል፤ ኦክስጅኑ ሲወርድ የመብላቱ ድምፅ ይቀንስና ጸጥ ይላል። እጩ ውሃ የሚያገኘው ከሚበላው ምግብ ስለሆነ፣ መብላት ሲያቆም ደርቆ ይሞታል። መድኃኒት የለ፣ ጭስ የለ። ሁለቱም የውስጥ ላስቲኮች ከተቀደዱ ግን አየር ይገባል፣ ነገሩ ሁሉ ከንቱ ነው።

ስለዚህ «እያንዳንዱ ገበሬ ቤት ሴንሰር ይተከል» የሚለውን ሐሳብ አልወደውም። አሥር ኩንታል ላለው ሰው ከረጢቱ ይበቃዋል፤ ደግሞም ክረምት ላይ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ የትኛው ማይክሮፎን ነው የእጭ ጥርስ የሚለየው? የዩኒየን መጋዘን ግን ሌላ ነው። ሺህ ኩንታል ተደርድሮ ሳለ የመሐሉን ጆንያ ማን አውርዶ ያየዋል? በብረት ቱቦ ጫፍ የሚገባ ማይክሮፎን ሌሊት፣ ባጃጁም ወፍጮውም ዝም ሲል፣ የትኛው ክምር እንደተያዘ ሊናገር ይችላል። ያኔ መጋዘኑን በሙሉ በጋዝ ከማጠን ያንን ክምር ብቻ መለየት ይቻላል። ዘዴው ሌላ አገር ለዓመታት የተሞከረ ነው፣ ዋጋውም ከድሮው ወርዷል።

መጋዘን ላይ የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ናሙና ስታወጡ ከክምሩ ላይኛው ረድፍ ብቻ ነው ወይስ መሐሉ ድረስ ትደርሳላችሁ? እውነቱን ጻፉልኝ፣ አልቆጣም።